ከመዝገበ ቃላት የተሰናበቱ ሰባት ቃላት

በ1992 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ብቸኛው ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰባት ቃላቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዘው ተገኘ። በእያንዳንዱ ቃል ጎን «ሁለት ቃል ሰጥቷል፤ ምስክርነቱ አይያዝም» ተብሎ ተጽፏል።

የጻፈችው አልተደበቀችም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «ማነው?» ሲል እጇን አወጣች። ከደሃና መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ለማትሪክ ሁለት ወር ቀርቷል። በትምህርት ቤቱ ደንብ፣ ንብረት ሆን ብሎ ያበላሸ ይባረራል፤ የተባረረ አይፈተንም።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ በኮሚቴ ታየ። እኔ ያኔ ከዚያ አካባቢ ዜና እየለቀምኩ እልክ ነበር። ልጅ አልነበረኝም፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ግን የወላጅ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርጎኛል። የልጅቷ አባት አንድ ቀን ተኩል በእግራቸው ተጉዘው መጡ። በአገራቸው ሰው ሲጣላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚዳኙ ሽማግሌ ናቸው። ልጅቷ የምስክርነቱን ነገር ከየት እንዳመጣችው ማጣራት አላስፈለገኝም።

ርእሰ መምህሩ ጀመሩ። «እስቲ ቃሉ ምን አደረገሽ?»

«ኦቨርሳይት መቆጣጠር ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሳያዩ ማለፍ ነው ይላል። ሳንክሽን አንዴ ፈቃድ ነው፣ አንዴ ቅጣት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ምስክር ይሰናበታል።»

«ፈተና ላይ ቢመጣስ?»

«ዘልዬው አልፋለሁ።»

«እሱም ኦቨርሳይት ነው» አለ የእንግሊዝኛ መምህሩ። የሳቀ አልነበረም።

አባትየው እጃቸውን አነሡ። «መምህር፣ ይሄ ቃል ሁለቱንም የተናገረው ባንድ ቀን ነው?»

መምህሩን ይህን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም መሰለኝ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። «አይደለም አባቴ፣ በየዘመኑ ነው። ኦቨርሳይት ከመነሻው ከላይ ሆኖ ማየት ነው። ከላይ የሚያይ ሰው አንዱ ሁሉን ያያል፤ አንዱ ደግሞ አሻግሮ ሲያይ እግሩ ሥር ያለው ያመልጠዋል። ሳንክሽን ሕግን ማጽናት ነበር። የጸና ሕግ ይፈቅዳል፤ የጣሰውንም ይቀጣል። ፋስት፣ ዛሬ ፈጣን የምንለው፣ ጥንት የማይነቃነቅ ማለት ነበር። ጠንክሮ መሮጥ ተባለ፣ ቆይቶ ጠንካራው ተረሳና ሩጫው ብቻ ተረፈ።»

«ዳስትስ?» አለች ልጅቷ። «አቧራ ማራገፍም፣ ዱቄት መነስነስም ነው ይላል።»

መምህሩ አፉን ሳይከፍት አባቷ መለሱላት። «አንቺ፣ እኛስ አረም እናርም የለም? ያረመ ሰው አረም ዘራ ይባላል?»

መምህሩ ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

«ጥፋቷ ታየኝ» አሉ አባትየው ወደ ኮሚቴው ዞረው። «ሁለት ቃል የሰጠ ምስክር መጀመሪያ ይጠየቃል። ያን ስትል የት ቆመህ ነበር፣ ይህን ስትልስ? ይባላል። መልስ ሲያጣ ነው የሚሰናበተው። እሷ ሳትጠይቅ አሰናበተች። ዳኝነት አጓደለች።» ከዚያ ለልጃቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሯት። ኽምጣኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ ያልገባኝን በቃለ ጉባኤው አላሰፈርኩም።

«አባቴ፣ እኔ የምለው ስለ መጽሐፉ ነው» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ፍየል ላምጣ።»

«ጾም ነው። ደግሞም ፍየል መጽሐፍ ይበላል እንጂ መጽሐፍ አይተካም።»

«እንግዲያው ትጠይቃቸው። ሰባቱንም። የት ቆመው እንደነበር በንጹሕ ወረቀት ጽፋ የሰረዘችበት ላይ ትለጥፍ።»

ርእሰ መምህሩ እስከ ሰኞ ፈቀዱ። ከሰባቱ አንድ ቢጎድል ትባረራለች አሉ። ይህን ሁለት ጊዜ አስጻፉኝ።

ቅዳሜና እሑድ ልጅቷና መምህሩ ስድስቱን ጨረሱ። ሰባተኛው ክሊቭ ነበር፤ መሰንጠቅም መጣበቅም ነው። መምህሩ ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጠ፤ አላገኘም። ከዓመታት በኋላ እንዳነበብኩት፣ ክሊቭ ከጥንቱም ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ድምፃቸው እየተቀራረበ ሄዶ አንድ ሆኑ። ያኔ ይህን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት፣ አገራቸው ያልተመለሱት አባቷ ባሉበት፣ ልጅቷ ስድስት ወረቀት የኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ሰባተኛው መልስ አልሰጠም» አለች።

ርእሰ መምህሩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ አባቷን ቀና ብለው አዩ። «እናንተ ዘንድ ምስክር አልናገርም ቢል ምን ይደረጋል?»

«ቀን ይቀጠርለታል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«እንደ ዳኛው ነው።»

ርእሰ መምህሩ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። ፈተናው ግንቦት ላይ ነበር። «ሰባተኛው ለሰኔ ተቀጥሯል» አሉ፤ ጻፍኩ።

በግንቦት፣ በፈተናው የመጀመሪያ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ወንበሯ ላይ ነበረች። የፈታኙ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ፊርማዋን አይቻለሁ።