የእህቴ የእሑድ ልምምድ

እህቴ፣ የሕግ ጠበቃዋ የትናየት፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ሆስፒታል ውስጥ ዐርፈዋል። ለሚያውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ቤት ውስጥ አንቺ ነበር የምላቸው፤ አንቱታን የከለከሉኝ እርሳቸው ናቸው። በጽሑፍ ግን ክብራቸውን ልጠብቅ።

እህቴ በስደት እንደመጡ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥቡ ነበር። ኋላ ካሊፎርኒያ ሄደው ሕግ ተማሩና ተመልሰው እዚህ ቢሮ ከፈቱ። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንም አስመጡኝ። ቢሯቸው ከጎማ ቤት ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከካዚኖ ሺፍት የወጡ ሰዎች ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ይመጡባት ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሜክሲኳዊ፣ የእኛም ሰው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የመጨረሻውን ክስ ነው። አንድ ሆቴል ጥቁሮችና ሌሎችም ከጓዳ ሥራ ወጥተው ጥሩ ቲፕ፣ ጉርሻ ማለቴ ነው፣ ወዳለበት የእንግዳ አዳራሽ እንዲያድጉ የሚያሠለጥንበት ፕሮግራም ነበረው። በቴሌቪዥን፣ እንዲህ ያለው ነገር ነጮችን መበደል ነው የሚለው ክርክር ሲበረታ ሆቴሉ ፕሮግራሙን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ከልብስ ማጠቢያው ወደ አዳራሽ ያለፈ ጥቁር አልነበረም። እህቴ ለልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ቆመው ሆቴሉን ከሰሱ።

ዋናዋ ምስክር ከአጣቢዎቹ አንዷ፣ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። በዚህ አገር ደንብ፣ ፍርድ ቤት ከመቅረባቸው በፊት በሆቴሉ ጠበቃ ቢሮ ምለው ቃላቸውን ሰጡ። ጠበቃው ፈገግ ብሎ ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። እርሳቸውም እንደ ማንኛችንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው አሉት። አለቆችዎስ ሲላቸው፣ እነሱም ደህና ናቸው አሉ። ሁሉም በደል እንደሌለ ማስረጃ ሆኖ ተጻፈ። ክሱ እዚያው ሊሞት ነበር።

ከዚያ ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። እህቴ የሆነውን ሲያስረዷቸው ወይዘሮ አስካለ አለቀሱ። እህቴ እጃቸውን ይዘው «ምንም አላጠፉም። እናቴም ብትሆን እንዲሁ ነበር የምትለው» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ያለው አፓርታማችን በሴቶቹ ይሞላ ጀመር። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት እናስቀምጣለን። በአንዱ ምስክሯ፣ በሌላው እኔ፣ የሆቴሉ ጠበቃ ሆኜ። ክራባት የሚያስሩልኝ እህቴ ናቸው። ሥራ እንዴት ነው እላለሁ። ተመስገን ይሉኛል። እንደገና እንጀምራለን። ወይዘሮ አስካለ «ይሄ ልጅ ክራባት ሲያስር እውነትም ክፉ ይመስላል» ብለው ያስቁን ነበር። እህቴ ግን ስቀውም አይለቋቸውም።

«ተመስገን ለእግዚአብሔር ነው። ለሚጠይቅዎት ሰው ግን የሚያምዎትን ይንገሩት።»

ፍርድ ቤት ያው ጠበቃ ያንኑ ጠየቃቸው። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው አዩት። «ደህና አይደለም» አሉ። «ሥራ ያለማመድኳቸው ልጆች አልፈውኝ አዳራሽ ገቡ። እኔ ስጠይቅ መልክሽ ለእንግዳ አይሆንም ተባልኩ።» ጠበቃው የቀድሞ ቃላቸውን አነበበላቸው። ያኔ የመለስኩልህ ሰላምታህን ነው አሉት። እህቴ አቀርቅረው ሳቃቸውን ሲደብቁ ከኋላ አየሁ።

ውሳኔው ገና ነው። ጉዳዩን ሌላ ጠበቃ ተረክበውታል።

በዚያው ሰሞን እህቴ ከስተው ነበር። ከሥራ ስመለስ እንዴት ዋልሽ እላቸዋለሁ። ተመስገን ይሉኛል። እኔም ምግቤን አሞቃለሁ። ካንሰር እንደያዛቸውና እንደቆየባቸው የነገረኝ፣ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ፣ ሐኪሙ ነው።

ለቅሶው ላይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አሁን ሁሉም ወደየሥራው ሄዷል። ሁለቱ ወንበሮች ግን አሁንም ፊት ለፊት ናቸው። ማንሳት አልቻልኩም።

የትናዬ፣ አሁን አንቺ ልበልሽ። ሰውን ሁሉ የሚያመውን እንዲናገር አስተምረሽ፣ ለእኔ ግን ተመስገን አልሽኝ። እንዳልፈራ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። ብፈራም ግን አብሬሽ እፈራ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ውሳኔው ሲነበብ አጠገባቸው እንድቀመጥ ለምነውኛል። ክራባቱን እንደምንም አስሬ እሄዳለሁ። አንቺ በሰላም እረፊ።

ያገኘኝ ሁሉ እንዴት ነህ ይለኛል። ተመስገን እላለሁ። ዛሬ ግን በምስክሮቹ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ማንም የለም። ቢሆንም አንቺ እንደጠየቅሽኝ ልቁጠረውና ልመልስልሽ።

ደህና አይደለሁም፣ እህቴ።