የላሊሴ ጩኸት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ አዴ ጫልቱ ግቢ ተከራይቼ ስገባ ማንም አልነበረኝም። ሥራ አምጥቶ የጣለኝ ሴት ነኝ፤ ኦሮምኛዬም ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጸሎተኛ ሴት ናቸው። ቤቱን ሲያከራዩኝ መጠጥና ዓለማዊ ፊልም ግቢያቸው እንዳይገባ አስጠነቀቁኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኝ ጀመር። በዚያ ከተማ ልጄ የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

እኔ ግን በፍላሽ ያስጫንኩት ተከታታይ ፊልም ነበረኝ፤ ከኮሚክ መጽሐፍ ተወስዶ የተሠራ፣ አስፈሪ። የማይታይ ነገር በሚወዱት ሰው ድምፅ እየጠራ ሰዎችን ከቤታቸው ያስወጣል። «አቤት» ያለ ሰው አይመለስም። ከሥራ ስመለስ ድምፁን ቀንሼ፣ ሰው ሁሉ ቸርች በሚሄድበት እሑድ ጠዋት ደግሞ ለቅቄው አየው ነበር። ብቻዬን ማየቱ ሲያስፈራኝ እዚያው ግቢ የተከራየችውን ጎረቤቴን ላሊሴን አብራኝ እንድታይ ለመንኳት። ከሲሬ ለትምህርት የመጣች፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ልጅ ናት። ቸርች መቅረት አልፈለገችም፤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ያን እሑድ አዴ ጫልቱ አሟቸው ቀድመው ተመለሱ። ግቢ ሲገቡ ላሊሴ ፊልሙ አስደንግጧት እየጮኸች ከቤቴ ወጣች። እኔ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተከተልኳት።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አሏት። ትንፋሿ ሳይመለስ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «እንዲሁ ነው የጮኸችው።»

«ሰሞኑን በግድግዳው የምሰማው ሲቃ የሷ ነው ለካ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ከቤት መባረር ነው ያስፈራኝ? ቤትማ ሞልቷል። ልጄ መባሉ እንዳይቀርብኝ ነው። ለዚያ ብዬ ሰው ሸጥኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ መንፈስ ይዟታል ተብሎ፣ የጸሎት ሰዎች ሊያስወጡላት መጡ። በቅንነት ነው የመጡት፤ እነሱን አልወቅስም። እጃቸውን ጭነውባት ሲጸልዩ ላሊሴ ከመካከላቸው ቀና ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ።

«ሰብለ! ፊልም ነው በያቸው እንጂ! ሰብለ!»

አዴ ጫልቱ አዩኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከሰዎቹ ጋር «አሜን» አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። መንፈስ አለባት የሚለው ወሬ ቀድሟት ሲሬ ገብቶ ነበር፤ ትምህርቷም በዚያው ቀረ። አሁን ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሲሬ ሲቆም መጋረጃውን እስባለሁ።

አዴ ጫልቱ ሲቃው ከግቢያቸው ስለጠፋ እስከ ዛሬ ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ። የጠፋው ግን ኢርፎን ስለገዛሁ ነው። አዎ፣ ፊልሙን ጨረስኩት፤ ብቻዬን።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ላሊሴ ምንም መንፈስ አልነበረባትም። በስሜ ጠራችኝ፣ ሁለቴ፤ እኔ አቤት አላልኩም።