ባንክ ውስጥ የጠቆምኩባቸው አባት

ዛሬ ወልድያ፣ ባንክ ውስጥ፣ ከሐብሩ ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት በኔ ጥቆማ ተፈተሹ።

በፊልም ላላክክ። ትናንት ማንም የማያወራለት ግሩም የባንክ ዘረፋ ፊልም አይቼ ነበር። ዘራፊው ወረፋ ይዞ ማዕዘኑንና መስኮቱን በዓይኑ ይለካል።

ዛሬ አዛውንቱም ወረፋው ላይ ልክ እንደዚያ ዞር ዞር ሲሉ ለጥበቃው ሹክ አልኩት። ሰው ፊት ጋቢያቸውን አስወልቆ ፈተሻቸው።

"ምን እየፈለጉ ነው አባቴ?" አላቸው ጥበቃው።

"ወረፋው ቢረዝምብኝ የቀትር ሶላቴን፣ ዙህርን፣ እዚሁ ልሰግድ ነበር ልጄ። ወደ መካ የምዞርበት ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ።"

ከዚያ ወደኔ ዞረው "አንተስ ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

እኔም ሙስሊም ነኝ። ዓመታት የተመላለስኩበት ባንክ ነው፤ ቂብላውን ግን አላውቀውም።

ፊልሙን ባየሁበት ስልክ አቅጣጫውን ፈልጌ አሳየኋቸው።

ከናንተ መካከል እንደኔ ፊልም አይቶ ሰው የጠረጠረ ካለ ይጻፍልኝ። ለኔ ግን የጠቆምኩባቸው አባት ቆመው ዱዓ አድርገውልኛል።