ስልኬና እርጥቡ ካልሲ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከአዋሽ ወደ ሰመራ በተመለስኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱም እዚያ መንገድ ላይ ስለ እናቴ ጤና የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። እናቴ ኮምቦልቻ ናት። አንድም ቀን አልጋ ላይ ስትውል አላየኋትም።

የምሠራው ሰመራ ውስጥ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀን የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ክፍተት ባገኘሁ ጊዜ ደግሞ የራሴን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። የራሴ ስል ግጥም ማለቴ ነው። ያስተማረኝ የለም፤ እየሰረዝኩ ነው የተማርኩት። ሁለት ዓመት የጻፍኩት ሁሉ እዚያ አሮጌ ስልክ ውስጥ ነበር። የሌላውን ሰው ወረቀት በሦስት በሦስት ኮፒ ሳደርግ እየዋልኩ፣ የራሴን አንድ ኮፒ አላስቀረሁም።

ስልኩ ሙቀት አይችልም። የአፋር ሜዳ ላይ ስንደርስ ይግልና ይጠፋል። ያን ቀን ለኮፒ ማሽኑ ቀለም ከአዋሽ ይዤ ስመለስ አንድ ዘዴ መጣልኝ። በዚህ መንገድ ሹፌሮች የመጠጥ ውሃ የሚያቀዘቅዙት ጀሪካኑን እርጥብ ጆንያ አልብሰው ከመኪናው ጎን በማንጠልጠል ነው። ነፋሱ የቀረውን ይሠራል። ለጀሪካን የሠራ ለስልክ ለምን አይሠራም? ስልኬን በፌስታል ጠቀለልኩ፤ አንድ ካልሲዬን አውልቄ አራስኩና ውስጡ ከተትኩት። ከዚያ በጫማዬ ክር መስኮቱ ላይ አስሬ ወደ ውጭ ለቀቅኩት።

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

"ወንድሜ፣ ማጠቡስ ጥሩ ነው፤ ሳሙና የለህም?" አለ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት፣ ሎጊያ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሴት፣ "ኧረ በአላህ! ያኛው እግርህስ ምን በደለ?" አሉኝ።

ገዋኔ ላይ አውርጄ ስነካው ቀዝቅዟል። ሁሉም በየተራ ነኩት። ሹፌሩ ሳይቀር "ኢንጂነር!" አለኝ። ደስ ብሎኝ መልሼ አንጠለጠልኩት። ምናልባት በደስታ ቋጠሮውን በደንብ አላጠበቅኩትም።

አዳይቱ ስንደርስ መስኮቱ ላይ የቀረው የጫማዬ ክር ብቻ ነበር።

በሴትዮዋ ስልክ ደወልኩ። አንዴ ጠራ፤ ከዚያ ማግኘት አይቻልም አለ። ሹፌሩ ወደ ኋላ አልመለስም አለ። እውነቱን ነው፤ ተሳፋሪው በሙቀት አልቋል። ወርጄ የመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ።

ሁመድ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ። ሹፌሩ ያውቃቸዋል። ጨበጡኝና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉ። ዳጉ ነው የፈለጉት። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ የሰማም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ከየት እንደመጣሁ፣ የት ዝናብ እንዳየሁ፣ የወደቀ ከብት አጋጥሞኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደክሞኝ ስለነበር በአጭር በአጭሩ መለስኩ። ስልኩ ላይ ስንደርስ የካልሲውን መልክ ሳይቀር ጠየቁኝ። ግራጫ፣ ተረከዙ የተቀደደ።

"ውስጡ ምን አለ?" አሉ። "ፊትህ እንዲህ የጠቆረው ለስልክ ብቻ አይደለም።"

ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል። በካልሲዬ በሳቁ ሰዎች ፊት ግጥም ነው ማለት አቃተኝ። "እናቴ ታማለች" አልኩ። "የሐኪም ወረቀቷ ፎቶ እሱ ላይ ነው።"

ሳቁ ቆመ። ሴትዮዋ "አላህ ያሽራት" ብለው ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ። በላሁት።

በአምስተኛው ቀን ሹፌሩ ሥራ ቦታዬ በር ላይ ቆሞ ክላክስ አደረገ። "ኢንጂነር! ካልሲህ አዳይቱ ገብቷል። ሁመድ ከባለቤቱ ሌላ ለማንም አልሰጥም ብለዋል!"

በማግስቱ ሄድኩ። ሽማግሌው ካልሲውን ከሽርጣቸው እጥፋት አወጡት። ያገኘው አንድ ግመል ጠባቂ ነው። እናቱ የታመመችበት ሰው ነው ሲባል፣ ግመሎቹን ለወንድሙ ትቶ ከጠዋት እስከ ቀትር በእግሩ ተጉዞ አድርሶታል። ከካልሲው ጋር ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ የፍየል ቅቤ። የጠባቂው ሚስት ለእናቴ የላከችው ነው።

ስልኩን አወጣሁት። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ገንጥሎታል። ብጫነው ብጫነው አልበራም።

"እናትህ ተሻላት?" አሉኝ።

ተሽሏታል ብዬ መሄድ እችል ነበር። ጠርሙሱ እጄ ላይ ከበደኝ። "አልታመመችም" አልኳቸው። "ውስጡ የነበረው ግጥም ነው። አፍሬ ነው የዋሸሁት።"

"ግጥም ያሳፍራል?" አሉኝ። "ግጥም ጠፋ ብትል ኖሮ ያ ልጅ እየሮጠ ነበር የሚመጣው። በል፣ አንዱን በልልኝ።"

አፌን ከፈትኩ። አንድ ስንኝ መጣ፤ ሁለተኛው አልመጣም። ሌላ ጀመርኩ፤ እሱም መሐል ላይ ተቆረጠ። ሁሉንም ለስልኩ አስረክቤ እኔ ዘንድ ምንም አላስቀረሁም።

"ይሄ ግጥም ያንተ ነው የካልሲው?" አሉኝ።

ቅቤውን ልመልስ ስል እጄን ገፉት። "ለእናት የተላከ አይመለስም። ዜናው ግን ይታረማል። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አስተካክለዋለሁ።" ወዲያው ተነሥተው ወደ መንገዱ ሄዱ። የመጀመሪያውን መንገደኛ አስቁመው ቁጢጥ ሲሉ ከሩቅ አየሁ።

ሰመራ ያለው ስልክ ጠጋኝ ከፍቶ አየውና ቦርዱ ተቃጥሏል አለኝ። ቅቤውን ለእናቴ ላክሁላት። ታሪኩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ "ደህናዋን ሴትዮ አሳመምከኝ" ብላ ተቆጣች።

ዳጉው ታርሟል። አፋሮቹ ሲያገኙኝ "ባለ ካልሲው፣ ዛሬስ በቃልህ ያዝክ?" ነው የሚሉኝ። ያልታረመው ሚኒባሱ ውስጥ የተሰማው የእኛው ወሬ ነው። ሴትዮዋ ባገኙኝ ቁጥር "እናትህ እንዴት ናቸው?" ይሉኛል። እኔም ማስረዳቱ እየደከመኝ "አልሐምዱሊላህ" ብዬ አልፍ ነበር።

አሁን ሁለት ግጥም በቃሌ ይዣለሁ። ሦስተኛው መሐል ላይ ይጠፋብኛል። ከገዋኔ ጀምሮ መስኮት ዳር ሆኜ እያጉረመረምኩ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ አጠገቤ ነበሩ። "ለእናትህ ዱዓ እያደረግክ ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ ግጥም ነው" አልኩ። "እናቴም ታማ አታውቅም።"

ቀለለኝ ብዬ አልዋሽም። ሴትዮዋ ከዘንቢላቸው ብርቱካን አውጥተው ላጡ፤ ብቻቸውን በሉ።