በኮት የተጠቀለለው ድስት

ከደጋው ኦቾሎ የተሳፈሩት እናት፣ ሚኒባሱ ውስጥ በዚያ ሙቀት የወንድ ኮት ታቅፈዋል። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ እጅጌዎቹ ከኋላ ታስረዋል። ከሥሩ የደረቀ የሙዝ ቅጠልና የሸማ ቁርጥራጭ የታጨቀበት ከረጢት አለ፤ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ድስት።

ረዳቱ ዕቃው ጣራ ላይ ይውጣ አለ።

«ቦሎቄ ነው። እየበሰለ ነው» አሉት።

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቱንማ ጠዋት ቤታቸው አጥፍተው ነው የመጡት። አንዴ የፈላ ድስት በደንብ ከታፈነ መንገድ ለመንገድ ይበስላል፤ ካልከፈቱት ነው ታዲያ። አንዲት ወጣት «እስቲ ልየው» ብላ ስትዘረጋ እጇን ይዘው መለሱት።

ቆላ ከተማው ገብተው፣ ሲቀላ ሰፈርን አልፈው ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ወረዱ። እዚያ ምግብ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። ኮቱን ፈትተው ድስቱን ሲከፍቱ እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው። አንድ ማንኪያ ቀመሱ።

«በስሏል» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ፖሊሱ ድስቱን ተቀበለ። «እማማ፣ ኮቱንስ ለልጅዎ አያስገቡለትም?»

«እዚህ ቆላ ነው። ደጋ ሲመለስ ይለብሰዋል።»

ባዶውን ኮት እንደገና እስከ አንገቱ ቆለፉት።