ጋሼ መቀስና የበረንዳው ቃሪያ

ጋሼ መቀስ የክብሪት እንጨት ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። መጀመሪያ ሰሞን በምላሳቸው ነበር የሚያርሱት፤ አንድ ቀን ዘር የነካውን እንጨት መልሰው አፋቸው ውስጥ ከከተቱ ወዲህ ግን ውሃ ይሻላል ብለዋል። በረጠበው ጫፍ አንዲት የቃሪያ ዘር ነካ ሲያደርጉ ዘሯ እንጨቱ ላይ ትጣበቃለች። ቀኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንጓቸውን የእርጎ ኩባያው ጠርዝ ላይ ያሳርፋሉ፤ ኩባያውን በግራ እጃቸው ይይዙታል። የኩባያው ታች በጋለ ሚስማር ተበስቷል፤ አለዚያ ውሃ ያቁርና ዘሩ ይበሰብሳል። አፈሩን በማበጠሪያ ጫፍ ጎድጎድ ያደርጉታል፣ ከጥፍር ቁመት ሳያሳልፉ። ዘሯን እዚያ ያራግፉና አፈር ነስነስ ያደርጉባታል። ከዚያ የደንበኛ ፀጉር ያረጥቡበት የነበረውን መርጫ አንሥተው አፈሩን በስሱ ያርሱታል። አፉን በላስቲክ ሸፍነው ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ሙቀት ካለበት ያስቀምጡታል። ዘሩ እስኪበቅል የሚፈልገው ሙቀት ነው። ብቅ ያለ ዕለት ግን ወደ መስኮት መውጣት አለበት፤ ከዘገየ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ሲያሰግግ ቀጥኖ ይቀራል።

ሌላ ሰው ብዙ ኩባያ በሚዘራበት ጊዜ እሳቸው አንድ ይዘራሉ። አሁን ቅር አይላቸውም። በፊት ግን በጣም ይላቸው ነበር።

ስማቸው የወጣው ከሙያቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጆሮው ያልታጠፈ ወንድ የለም። መንቀጥቀጡ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ምላጩን ተዉ፤ መቀሱን ግን አልተውም አሉ። አንድ ቀን ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ባለታክሲ ጆሮው ላይ ጭረት ይዞ ከወንበሩ ተነሣና "ምንም አይደል ጋሼ፣ ሌላ ጆሮ አለኝ" አላቸው። ለቀልድ ነው ያለው። እሳቸውም ሳቁ። በማግሥቱ የሱቁን ቁልፍ ለልጃቸው ባል ሰጥተው ቤት ገቡ።

ቤት ገብተው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሰው ሲመጣ ኪስ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ ኪስ። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ጥግ ስለሆነ የማታየው ነገር የለም።

"የሌላው ሰው ሱሪ የሚያልቀው ጉልበቱ ላይ ነው" አለቻቸው አንድ ቀን፣ የተቀደደ ኪሳቸውን እየጠቀመች። "ያንተ ግን ኪሱ ላይ ብቻ።"

ቃሪያውን ያመጣችውም እሷ ናት። ከገበያ ከገዛችው መሐል አንዱ ቀልቶ ለስልሶ ነበር። "ከምጥለው ዝራው" ብላ ጭናቸው ላይ አኖረችው።

"እኔ ገበሬ ነኝ?"

"አይደለህም፤ ሥራ ፈት ነህ።"

ዘሩት፤ በቀለ። ደህና ቅጠል ሲያወጣ ታቹ ወደ ተበሳ የቀለም ባልዲ አዛወሩት። ይህን ጊዜ የሙያ አመላቸው አገረሸ። ሰው የቃሪያ ችግኝ ጫፍ አንድ ጊዜ ቢቀነጥብ ጥሩ ነው፤ ተክሉ ወደ ጎን ይሰፋል። ጋሼ መቀስ ግን በአንድ ጊዜ የሚተዉ ሰው አይደሉም። ቃሪያ ጆሮ የለው፣ ማንን ይፈራሉ? ትንሿን መቀስ ይዘው በየጠዋቱ ያፈነገጠ ቅጠል እየፈለጉ ከጎን አሳጠሩት፣ ከላይ ደለደሉት። እንደ ኳስ የተድበለበለ ተክል ሆነ። አበባ ግን ወዴት አለ? የቃሪያ እምቡጥ የሚወጣው ለጋው ጫፍ ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጫፉን በየቀኑ ይላጩታል።

"ጋሼ" አለ ባለታክሲው ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ "ይሄ ቃሪያ ሰርግ አለበት እንዴ? በመጣሁ ቁጥር ተስተካክሎ ነው የማገኘው። ለመሆኑ መቼ ነው የሚያፈራው?"

"አንተ ስታገባ።"

"በሉ እንግዲያው ተስፋ ቁረጡ።"

ሚስታቸው ነገሩ ሲገባት መቀሱን ወስዳ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ተክሉም እፎይ ብሎ አደገ፤ ነጫጭ አበባ አወጣ። ጋሼ መቀስ ነፋስ እንዳይሰብረው ብለው በረንዳውን ዙሪያውን በላስቲክ ጋረዱት። አበቦቹ ግን እየረገፉ ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ መገኘት ጀመሩ። ውሃ በዛ ብለው ቀነሱ፤ አሁንም ረገፈ። ውሃ አነሰ ብለው ጨመሩ፤ ያው።

"የነካሁት ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው" አሉ አንድ ምሽት፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። "ይሄ ካላፈራ ባልዲውን አውጥተሽ ጣይው። እኔም ከእንግዲህ ምንም ነገር ላይ እጄን አላሳርፍም።"

ሚስታቸው ቀልድ አለመሆኑ ገብቷታል። አባቷ ዓይናቸው ሲደክም እንዲሁ ብለው ከአንድ ወንበር ሳይነሡ እንደቀሩ አይታለች። በዚያ ምሽት ከቃሪያው አለማፍራት ይልቅ የምትፈራው ያንን ወንበር ነበር።

በሳምንቱ አንዱ ቅርንጫፍ ዘመም አለ። ከባድ ካርቶን ለማንሣት እንኳ ሰው የማትጠራ ሴት፣ በረንዳው ላይ ሆና ተጣራች።

"ና ያዝልኝ፣ በእንጨት ደግፌ ላስረው።"

"ሌላ ሰው ጥሪ።"

"ሌላ ባል የለኝም። ና።"

መጡ፤ ቅርንጫፉን ያዙ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከእጃቸው ጋር ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ጋር አበቦቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። የሷ ክር ደግሞ ተተበተበ። ዕድሜዋን ሙሉ በክር ስትሠራ የኖረች ሴት እንዴት እንደተተበተበባት እሷ ታውቃለች። አስራ እስክትጨርስ የጥቁር ሹራባቸው እጅጌ ላይ ቢጫ ብናኝ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ፤ አራግፈው።"

ከቀናት በኋላ የሌላው ቅርንጫፍ አበባ ሁሉ ወለሉ ላይ ነበር። እሳቸው በያዙት ቅርንጫፍ ላይ ግን አበቦቹ ደርቀው በሥራቸው የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አረንጓዴ ነገሮች ብቅ ብለዋል። ጋሼ መቀስ መነጽራቸውን አጥልቀው ዐዩ፤ አውልቀው ዐዩ።

"ይሄ የያዝኩት ነው" አሉ።

"እንግዲያው ሌላውንም ያዛ።"

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቃሪያ አበባ ወንዱም ሴቱም እዚያው ውስጡ ነው፤ ብናኙ እንዲወርድ ግን አንድ የሚነቀንቀው ይፈልጋል። ውጭ ነፋስና ንብ አሉ። የተዘጋ በረንዳ ላይ ማንም የለም። እሳቸው በጥንቃቄ ብዛት ነፋሱን ከልክለው፣ እጃቸውንም ኪሳቸው ውስጥ ቆልፈው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ፀሐዩ ሞቅ ሲል ወጥተው እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በየተራ መያዝ ሆነ ሥራቸው። ምንም አያደርጉም፤ ይይዛሉ ብቻ።

"ላስቲኩን ብናነሣው ነፋሱ አይሠራውም?" አለች ሚስታቸው፣ ልባቸውን ልታይ።

"ይቆይ" አሉ። "ነፋስ ምን ያውቃል።"

ፍሬው ሲደርስ መቀሱ ከመሳቢያ ወጣ። ቃሪያ አይጎተትም፤ ከተጎተተ ከነቅርንጫፉ ይገነጠላል። በግራ እጅ ይደገፋል፣ ጭራው ትንሽ ተርፎ ይቆረጣል። አረንጓዴውን ቶሎ ቶሎ የለቀመ ሌላ ያገኛል፤ ለዘር ግን ጥቂቱ እስኪቀላ ይተዋል። ጋሼ መቀስ የመጀመሪያዎቹን በሳህን ይዘው ራሳቸው ደረጃውን ወጡና የባለታክሲውን በር አንኳኩ። እሱም አንዱን ገመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ጋሼ፣ ይሄ ለጆሮዬ ካሳ ነው?"

"አይደለም። ለዚያ ምላስህ ነው።"

አሁን ዘር ፈላጊው በዝቷል። ሁሉንም በደስታ ይቀበላሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ያበሳጫቸዋል። ሰዉ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያይና፣ ያገዘ መስሎት፣ የዘሩን ወረቀት ቀምቶ ለራሱ ይቆነጥራል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ አደራ ይሏችኋል፦

"ዘር ከፈለጋችሁ ኑ፤ ሞልቷል። ግን እኔው ልስጣችሁ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ትንሽ ታገሡኝ። መሬት የሚወድቀውን አብረን እንለቅማለን።"