በልጄ ስም የሚወጣው ካርዴ

ልጄ የልብ ታማሚ ነበረች። አንደኛው የልቧ በር በደንብ አይገጥምም ብለው ሐኪሞቹ የነገሩኝ ገና ሁለተኛ ክፍል እያለች ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጆሮዬ ገበያው ላይ፣ ሌላው እሷ ደረት ላይ ኖረ። ስትሮጥ እፈራለሁ፣ ስትስቅ እፈራለሁ፣ ዝም ስትል ደግሞ ይብስብኛል። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ነው፣ ተራ ይጠበቃል አሉን። ስንጠብቅ አደገች፣ ስንጠብቅ ተማረች፣ ስንጠብቅ ሥራ ያዘች።

እኔ አዳማ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ይህን የምጽፈው ቃሉን በአፌ እያልኩ፣ ቀስ ብዬ ነው። የልጄን ስም ግን አልጽፈውም። ለምን እንደማልጽፈው ሲነበብ ይታወቃል።

ሥራዋ ሆስፒታል ነበር፤ ሐኪም ሆና ሳይሆን በኮምፒውተር ሠራተኝነት። የበሽተኛው ካርድ ድሮ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ሰው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ መጥቶ ስሙን ይናገራል፣ የመስኮቷ ልጅ ትጽፋለች፣ ኮምፒውተሩ ይፈልጋል። ፈልጎ እስኪያገኝ ግን የቆመው ሰው እግሩ ይዝላል። ከሞጆ፣ ከቡልቡላ፣ ከአርሲ ነገሌ ድረስ በሽተኛ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነው። ልጄን የቀጠሯት ይህን ፍለጋ እንድታፈጥን ነበር።

ቀን ቀን ምሳዋንና ኪኒኗን ይዤላት እሄዳለሁ፤ እሷ እንደሆነች ሥራ ከያዘች መድኃኒት አታስታውስም።

«እማዬ፣ ሕፃን አደረግሽኝ እኮ፤ ሰዉ ይስቅብኛል» ትለኛለች።

«ይሳቃ! አንቺ ብቻ ዋጪ።»

አንድ እሑድ ቤት ውስጥ ቦንዳ ፈትቼ ልብስ ስለይ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ምንም እንድታነሳ አልፈቅድላትም ነበር።

«ለምን ፈጣን ኮምፒውተር አይገዙም?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቤ እሷ እንዳትደክምብኝ ነው።

«ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? አሁን አንድ ሰው መጥቶ የስድስት ዓመት ልጅ ጃኬት ቢልሽ ከዚህ ክምር ውስጥ እንዴት ታገኚዋለሽ?»

«ከላይ ጀምሬ እያነሳሁ ነዋ፣ እስኪገኝ።»

«እሱም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የሰዉን ካርድ ሁሉ አንድ በአንድ ያያል። ኢንዴክስ ካበጀሁለት ግን በቀጥታ ይሄዳል። ልክ እንደ መጽሐፍ ማውጫ፤ የምትፈልጊው የት እንዳለ ይነግርሻል።»

«ታዲያ አብጂለታ!»

«በምን ላይ ላብጅለት? ችግሩ እሱ ነው። ለአንቺ በቀለም ብደረድርልሽስ?»

«በቀለም ማን ይጠይቀኛል? ሰው የሚጠይቀኝ በልክ ነው።»

«እሺ፣ የወንድና የሴት ብዬ ልለየው?»

«ምን ተገላገልኩ? ግማሹ ክምር ይቀረኛል እኮ!»

«አየሽ፣ ገባሽ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ሲዞር የያዝኩትን ሱሪ ጥዬ ተነሳሁ። በእጇ «ተቀመጪ» አለችኝ።

«እንግዲያው በሁሉም ዓይነት አብጂለት» አልኳት፣ ደክማ እንዳትቀጥል ብዬ።

«አይሆንም። አዲስ በሽተኛ በተመዘገበ ቁጥር ኮምፒውተሩ ማውጫዎቹን በሙሉ ማስተካከል አለበት። ማውጫ ከበዛ መመዝገቡ ይዘገያል። ሰው የሚጠይቅበትን መምረጥ ነው እንጂ። ማንም የማይጠይቅበትን ደግሞ እናነሳዋለን፤ ዝም ብሎ ሸክም ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም።

ከዚያ በበሽተኛው ስም ላይ ማውጫ ሠራች፤ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ሲሞክሩት ፈጠነ። ያን ቀን ቤት የገባችው ፊቷ በርቶ ነው፤ እኔም ከዚህ በኋላ ታርፋለች ብዬ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ምሳዋን ይዤ ስሄድ መስኮቱ ጋ ጭቅጭቅ ላይ ደረስኩ። አንድ የቡልቡላ ሰው ራሷን የሳተች ጎረቤቱን በመኪና አምጥቷል። እሷን አልጋ ላይ አስተኝተዋታል፤ እሱ ካርድ እንዲያወጣ ተልኳል።

«ስሟ ማነው?» አለችው የመስኮቷ ልጅ።

«ሃዳ» ብሎ የልጇን ስም ጠራ። የእከሌ እናት ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ።

«የልጇን አይደለም፣ የራሷን ስም።»

«ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንደዚህ ነው! ሚስቴ መሰለችሽ እንዴ የራሷን ስም የማውቀው?»

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። የመስኮቷ ልጅ ተጠሪ የሚለው ቦታ ላይ የሴትዮዋን ልጅ ስም ጽፋ ኮምፒውተሩ እንዲፈልግ አዘዘች። ካርድ ሲወጣ የቅርብ ዘመድ ስምና ስልክ ይመዘገባል፤ ተጠሪ የሚሉት እሱን ነው። በተጠሪ ስም ግን ማውጫ የለም። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ።

«ኧረ ቡልቡላ ሄጄ ስሟን ጠይቄ ብመለስ ይህን ዕቃችሁን እቀድመዋለሁ!» አለ ሰውዬው። አሁን የሳቀ የለም፤ ሰውዬው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ልጄ ዞሮ፣ «ኢንጂነር፣ ያንቺ ማውጫ ቡልቡላን አያውቅም መሰለኝ» አላት።

ሴትዮዋን ያለካርድ አከሟት፣ በኋላ እንደነቃችም ሰማን። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ ወንበሯን ይዛ መስኮቱ ሥር መቀመጥ አመጣች። ሰው በምን እንደሚጠይቅ ታዳምጣለች። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እየሳለ አጠገቧ ሲቆም በሽታ ያስይዝብኛል ብዬ ነፍሴ አታርፍም።

አንድ ምሽት እራት ላይ፣ «እማዬ፣ ሰፈር ውስጥ በስምሽ የሚጠራሽ ማነው?» አለችኝ።

አሰብኩ። የእድር ጸሐፊው የአባላቱን ስም ሲጠራ ብቻ ነው፤ ያኔም ጎኔ ያለችው ሴት ጎሸም ካላደረገችኝ አቤት አልልም። ሌላው ሁሉ የሚጠራኝ በልጄ ነው፤ የእሷ እናት ብሎ። ገበያም፣ ቤተክርስቲያንም፣ ባጃጅ ተራም።

«እኔን ሰው በራሴ ስም ነው የሚጠራኝ» አለች። «ራሴን እያየሁ ሠራሁት። እዚያ የሚመጡት ግን እናቶች ናቸው።»

የቆረሰችውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰችው። ብይ አላልኳትም።

በተጠሪው ስም ላይ ሌላ ማውጫ ጨመረች። ስም ስለሚደጋገም ከስሙ ቀጥሎ ስልኩን አስከተለች፤ በስም ይገባል፣ በስልክ ይለያል አለችኝ። ያለቀለት ዕለት ምሳ ይዤ ስደርስ በመስኮቱ በኩል ጠራችኝ። «ነይ፣ ባንቺ እንሞክረው።» እኔም እዚያ ካርድ አለኝ፤ ተጠሪዬ እሷ ናት። የራሷን ስም በሁለት ጣቷ መጻፍ ጀመረች።

«ወጣሽ!» አለች እጇን እያጨበጨበች። «ገና ስሜን ሳልጨርስ ወጣሽ!»

ኃላፊው መጥቶ አየና፣ «በይ እንግዲህ ቡልቡላ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ» አላት። የዚያን ቀን ሳቋ ሳል አላመጣም። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ያንን ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ የነፋስ ቀን ነበር፤ አዳማ አቧራው ሲነሳ እንደሚሆነው ሰማዩ ቡናማ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ ደረጃችን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ደክሞኝ ቀድሜ መጣሁ አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። ጮህኩ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ገባን። በመንገድ ላይ «አትፍሪ እማዬ» እያለች ታጽናናኝ ነበር። ትንፋሽ ያጠራት እሷ፣ የምታጽናናው እኔን።

እዚያው መስኮት ላይ ስደርስ የገዛ ልጄን ስም መጥራት አቃተኝ። «ልጄ ናት፣ ልጄ ናት» ብቻ እላለሁ። የመስኮቷ ልጅ አብራት የምትሠራ ናትና መች ስም ጠየቀችኝ፤ እያለቀሰች ጻፈች። ካርዱ ወዲያው ወጣ። በሽታዋ፣ ኪኒኗ፣ ሁሉም ነገር እኛ ሳንደርስ ሐኪሞቹ ፊት ደርሶ ነበር። የልጄ ሥራ ምንም አላጓደለም።

ፍለጋው ፈጠነ። የአዲስ አበባው ተራ ግን አልፈጠነም። ሲመሽ ወጥተው ነገሩኝ።

ከለቅሶው በኋላ ሰፈርተኛው እኔን የሚጠራበት አጣ። የለመደውን እንዳይል ያስለቅሰኛል፤ ስሜን ደግሞ አያውቀውም። «እሜቴ» አለኝ፣ «እህቴ» አለኝ፣ አንዳንዱ «አንቺ» ብሎ እጁን እያወዛወዘ አለፈ። እኔም ስሟን ከአፌ አላወጣሁም። ባወጣው የሚያልቅብኝ መሰለኝ።

ከዚያ ደም ግፊት ያዘኝና ወደዚያው ሆስፒታል ሂጂ ተባልኩ። በሩ ላይ ደርሼ ስንቴ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ገባሁ። መስኮቱ ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች። የካርድ ቁጥሬ የተጻፈበት ወረቀት በለቅሶው ጠፍቶብኛል፤ ስሜን ነገርኳት፣ የአያቴን ስም እንዴት እንዳስመዘገብኩት እንኳ ተምታታብኝ።

«ግድ የለም እማማ፣ የልጅዎን ስም ይንገሩኝ» አለችኝ።

አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ዓይኔን በነጠላዬ ጠርጌ ሳልጨርስ፣

«ወጡ!» አለችኝ።

ምነው ትንሽ በዘገየ አልኩ በልቤ። ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ የሚራገመውን ያን መዘግየት ተመኘሁት። ስሟ ሲፈለግ፣ ሲፈለግ ቢቆይልኝ።

«ይህቺን ተጠሪዎን ልሞክራት ብል ስልኳ ዝግ ነው፤ ሌላ ሰው እንተካ?»

«ተይው» አልኳት። ልጅቷ ቀና ብላ ፊቴን አየችና ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። አዲስ ወረቀት ላይ ቁጥሬን ጻፈችልኝ። «ከእንግዲህ በዚህ ይምጡ፣ ይቀልዎታል።»

ቤት ገብቼ ያ እሑድ ትዝ አለኝ። ማንም የማይጠይቅበትን እናነሳዋለን ብላኝ ነበር። ሰው ሁሉ ቁጥሩን ይዞ ከመጣ፣ በልጅ ስም የሚጠይቅ ከጠፋ፣ ያን በእጇ የሠራችውን ማን ያቆየዋል? ሌላ ባለሙያ መጥቶ ሸክም ነው ቢልስ? አዲስ ፍርሃት ያዘኝ። ልጄ ከሞተች ወዲህ የምፈራው የቀረ አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ በየወሩ መድኃኒት ለመውሰድ ስሄድ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ አላወጣውም። ቁጥሩንም በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ቁጥርዎስ እማማ?»

«ጠፋብኝ ልጄ።»

«አሁንም? አንገትዎ ላይ ላንጠልጥልልዎት ይሆን?» ትላለች፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ይስቃሉ።

«በልጄ ስም ፈልጊልኝ።»

ስሟን ከነአባቷ፣ ጮክ ብዬ እጠራለሁ። የምጠራው እዚያ ብቻ ነው። እዚህ ብጽፈው ወረቀት ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፤ እዚያ ስጠራው ግን እናቷን ያወጣል። የልጅቷን ጣቶች እያየሁ፣ መስኮቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። ኮምፒውተሩ ግን ስሟን አንድም ቀን አስጨርሷት አያውቅም።